በአንጀቱ የሚተነፍሰው ዓሣ

ካዛንቺስ ካሉት ክሊኒኮች ወይም ሆቴሎች በአንዱ ተራ ሲጠብቅ ከጎኑ የዓሣ ሳጥን ያገኘ ሰው፣ ዓይኑ የሚያርፈው መሀል ላይ በሚንሳፈፉት ቀያይና ወርቃማ ዓሦች ላይ ነው። ታች አሸዋው ላይ አፉን ቀብሮ የሚርመሰመሰውን፣ ቢለካ ከጣት የማይረዝመውን ግራጫ ዓሣ ልብ የሚለው የለም። ልብ የሚባለው ድንገት ሲወነጨፍ ነው። አሸዋውን ትቶ ሽቅብ ይወጣል፣ የውሃውን ገጽ በአፉ ነካ ያደርጋል፣ ዓይን እስኪያርገበግቡ ተመልሶ ታች ነው። ትንሽ ቆይቶ ከጭራው ሥር አንድ ሁለት አረፋ ያመልጠዋል። ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ታፍኖ ነው እንዴ?»

አልታፈነም፤ እየተነፈሰ ነው። ይህ ዓሣ እንደማንኛውም ዓሣ ስንጥብ አለው፣ ግን በስንጥቡ ብቻ አይኖርም። አየር ይውጣል፣ የዋጠውንም በአንጀቱ ይተነፍሳል። ይህን የተረዳ ሰው ስለ አያያዙ የቀረው ብዙው ነገር ይቀለዋል፤ በተለይ ቤቱ አዲስ አበባ ከሆነ። በገበያ የሚገኙት የዓሣ አያያዝ መመሪያዎች የሚያስቡት ለባሕር ወለል የቀረበ ከተማ ነው፤ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነዋሪ የሚኖረው ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ልዩነቱ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

መጀመሪያ ዓሣውን እንወቀው። በገበያ ስሙ ኮሪዶራስ ነው፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ። ወገኑ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጣና የሚወጣው አምባዛ በሚመደብበት፣ በዓለም ላይ ከ3,000 በላይ ዝርያዎች ባሉት የባለጢም ዓሦች ክፍል ውስጥ ይገኛል። አምባዛ ዕድሜና ቦታ ካገኘ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ኮሪዶራስ አብዛኛው ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲሜትር ነው፤ ፒግሜየስ የሚባለው ድንክዬ ሦስት እንኳ አይሞላም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በአፍ ዙሪያ ያለው ጢም ነው። ይህ ጢም ጠጉር አይደለም፤ ጣዕም የሚለይ ሥጋ ነው። ዓሣው በደፈረሰ ውሃ ወይም በጨለማ የሚበላውን የሚፈልገው በዓይኑ ሳይሆን በዚህ ነው።

የሚያለያያቸው ደግሞ ልብሳቸው ነው። አምባዛ ቆዳው ለስላሳ፣ ቅርፊት የሌለው ነው። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ስለሚከለክል በአገራችን ቆሮሶን እያጣጣሙ አምባዛን ግን የማይነኩ ምዕመናን ብዙ ናቸው። ኮሪዶራስ ገበታ ላይ ቢቀርብ ክርክሩ ይከብድ ነበር፤ እሱም ቅርፊት የለውም፣ ነገር ግን ከአንገቱ እስከ ጭራው በሁለት ረድፍ የተደራረበ የአጥንት ጥሩር ለብሷል። በዚያ ላይ በጀርባ ክንፉና በሁለቱ የጎን ክንፎቹ ፊት ጠንካራ እሾህ አለው። ሲፈራ ሦስቱንም ገትሮ ይቆልፋቸዋል። እሾሁ ሰውን ሲወጋ ያቃጥላል፤ መለስተኛ መርዝ አለበት። ስለዚህ ዓሣውን ከሳጥን ወደ ሳጥን ሲያዛውሩ በመረብ ከመያዝ በኩባያ መጨለፍ ይሻላል። መረቡ ውስጥ እሾሁ ከተጠላለፈ ወይ መረቡ ይቆረጣል፣ ወይ ዓሣው ይጎዳል።

ከኮሪዶራሶች ሁሉ ለአዲስ አበባ ቤት የሚስማማው ነቁጣ ያለበት፣ ፓሌአቱስ የሚባለው ነው። የታሪኩ መነሻ የታወቀ ሰው እጅ ላይ ነው። ቻርልስ ዳርዊን ከ1831 እስከ 1836 በቢግል መርከብ ሲዞር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሰበሰባቸው ዓሦች አንዱ ይህ ነበር፤ ሌናርድ ጄኒንስ የተባለው ቄስና የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1842 ስም ሰጠው። በዚያው መቶ ዘመን መገባደጃ ላይ ፒየር ካርቦኒየ የተባለ ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ በሳጥን አራባው። ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ባልነበረበት ዘመን መራባቱ በአጋጣሚ አይደለም፤ ፓሌአቱስ የላ ፕላታ ወንዝ ተፋሰስ ዓሣ ነው፣ ክረምቱ በሚበርደው በኡራጓይና በአርጀንቲና ምድር ይኖራል። በ2024 ሳይንቲስቶች ኮሪዶራስ የሚባለውን ትልቅ ወገን በታትነው ሲያደላድሉት ፓሌአቱስ ሆፕሊሶማ ወደሚባለው ገብቷል። ሻጩም ገዢውም አሁንም ኮሪዶራስ ነው የሚሉት፤ እዚህም በዚያው እንቀጥላለን።

አሁን ወደ ትንፋሹ። ዓሣው ከላይ የዋጠው አየር በጨጓራ አልፎ ወደ አንጀቱ የኋላ ክፍል ይሄዳል። እዚያ ያለው ግድግዳ እጅግ ስስ ነው፤ ምግብ ከመፍጨት ይልቅ በቀጫጭን የደም ሥሮች የተሞላ ነው። ከአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በዚህ ግድግዳ ወደ ደም ይገባል። የተረፈው አየር በፊንጢጣ በኩል ይወጣል፤ ያ ከጭራ ሥር የታየው አረፋ ይሄ ነው። አንጀት ውስጥ የቀረው አየር ዓሣው በውሃ ውስጥ እንዳይከብደውም ያግዛል። ኮሪዶራስ ውሃው ኦክስጅን በሞላበት ጊዜም አልፎ አልፎ ለመዋጥ ይወጣል። አደጋው የመመላለሱ ብዛት ላይ ነው። ሁሉም በየደቂቃው ላይ ታች ማለት ከጀመሩ ውሃው ችግር አለበት።

አምባዛም አየር ይተነፍሳል፣ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ከስንጥቡ በላይ በራስ ቅሉ ውስጥ ጓዳ አለው፤ በጓዳው ውስጥ ቅርንጫፍ ያወጣ፣ ደም የሚመላለስበት ቀይ አካል ይገኛል። በአፉ የጎረሰው አየር ወደዚያ ይገባል። ለዚህ ነው ዓሣ አስጋሪ ጀልባ ላይ ቆሮሶው ከሞተ ከብዙ ሰዓት በኋላ አምባዛው ገና የሚንፈራገጠው፤ ቆዳው እስከ ረጠበ ድረስ በምድር ላይ ቆይቶ ይተርፋል። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት ዓሦች፣ ሁለት አህጉር ላይ፣ ለአንድ ችግር የተለያየ መልስ አግኝተዋል። ችግሩ ሞቃትና የቆመ ውሃ ነው፤ ኦክስጅን የሚያልቅበት ውሃ።

ከፍታው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ውሃ ኦክስጅን የሚይዘው ከላዩ ያለው አየር በተጫነው መጠን ነው። በካዛንቺስ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ በዚያው ሙቀት ከ6.2 እምብዛም አያልፍም። የአየር ፓምፕ ሌት ተቀን ቢያንቧቧ ከዚያ በላይ ሊያስገባ አይችልም። ፓምፑ የሚነፋው የዚችኑ ከተማ አየር ነው፤ ጥቅሙ ውሃው የሚችለውን ያህል እንዲሞላ ማድረግ ነው።

ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ ግን ይቻላል። ቀዝቃዛ ውሃ ኦክስጅን ይበልጥ ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ እዚሁ ካዛንቺስ መጠኑ ወደ 6.8 ይወጣል። በዚያ ላይ ዓሣው ሲቀዘቅዝ የሚፈልገው ኦክስጅን ይቀንሳል። ከውጭ በመጣ መመሪያ ላይ «25 ዲግሪ» የሚል አንብቦ ማሞቂያ የገዛ ሰው እንግዲህ በሁለት በኩል እያጠበበ ነው፤ ውሃው የሚይዘውን ይቀንሳል፣ ዓሣው የሚፈልገውን ይጨምራል። ለፓሌአቱስ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ይበቃል፤ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባ ሳሎን ራሱ የሚሰጠው ሙቀት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማለዳ ቴርሞሜትሩን ማየት ነው እንጂ፣ ዓመቱን ሙሉ ማሞቂያ ሰክቶ ቆጣሪ ማስቆጠር አያስፈልግም። ስተርባይ የሚባለውን ነጭ ነቁጣ ያለበት ቆንጆ ኮሪዶራስ የፈለገ ግን ማሞቂያ የግድ ነው፤ ያ የሞቃት ውሃ ዓሣ ነው። በእኔ እምነት ለጀማሪ የማይመከርበት ምክንያት ዋጋው ብቻ አይደለም። መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ የሚቀዘቅዝ ዓሣ በዚህ ከተማ ራስ ምታት ነው።

ሰው ብዙም የማያስበው ሌላ ነገር አለ፤ ዓሣው የሚውጠው የክፍሉን አየር ነው። በሳጥኑ ክዳንና በውሃው መካከል ሦስት አራት ጣት ክፍተት መተው ያሻል፤ እስከ አፉ የተሞላ ሳጥን ለኮሪዶራስ መስኮት የሌለው ቤት ነው። የወጥ ቤት ቅባት የሚደርስበት ሳጥን ላይ ውሎ አድሮ ስስ የዘይት ሽፋን ይጋረድበታል። ሽፋኑ አየርና ውሃ እንዳይገናኙ ያግዳል፤ አንድ ወረቀት ላዩ ላይ አንጥፎ በማንሳት ይለቀማል። ቡና ሲፈላ ከሰሉና ዕጣኑ የሚጨስበት ማዕዘን ሌላ፣ የፓምፑ አየር መሳቢያ ሌላ ቢሆን መልካም ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ግን ለበረሮና ለትንኝ የሚረጨው ፍሊት ነው። በአብዛኛው የሚሠራበት ፓይሬትሮይድ የሚባል መርዝ ለሰው በትንሹ ባይጎዳም ለዓሣ እጅግ ጨካኝ ነው፤ ጥቂቱ ውሃ ላይ ካረፈ ይበቃል። ሳጥን ባለበት ክፍል አለመርጨት ነው፤ ግድ ከሆነም ፓምፑን አጥፍቶ ሳጥኑን በፕላስቲክ ሸፍኖ፣ ክፍሉ እስኪናፈስ መጠበቅ።

«የራሳችን ትንንሽ ባለጢም ዓሦች የሉንም ወይ?» ለሚል መልሱ አሉን ነው፤ የሚኖሩት ግን ከከተማው ራቅ ብለው ነው። ጣና ውስጥ ከዚህ ክፍል ያለው አምባዛ ብቻ ነው፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ አርባ ሜትር ገደማ የሚወድቀው፣ ከታች የሚመጡትን የዓባይ ዓሦች አግዷቸዋል። ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ባሮ ከወረዱ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ሲኖዶንቲስ የሚባል፣ ራሱ በአጥንት የተከደነ፣ የታችኛው ጢሙ ቅርንጫፍ ያወጣ ዓሣ አለ፤ ኦሞና ጫሞ ውስጥም ይገኛል። ከውሃ ሲያወጡት ይንጫጫል። ድምፁ ከጉሮሮ አይደለም፣ የጎን እሾሁን ከመገጣጠሚያው ጋር ሲያሽ የሚወጣ ነው። የዚሁ ወገን የሆነ ኒግሪቬንትሪስ የሚባል አሥር ሴንቲሜትር የማይሞላ የኮንጎ ዓሣ በዓለም ዙሪያ በቤት ሳጥን ይኖራል፤ የታወቀው ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ በመዋኘቱ ነው። እንዲህ ሆኖ ከውሃው ገጽ በታች ያለውን ምግብ ይለቅማል፤ ሌላው ዓሣ ጀርባው ጠቆር ሆዱ ነጣ ሲል የእሱ ሆድ ነው የጠቆረው። የጥንት ግብፃውያን የዚህን ዓሣ የዓባይ ዘመድ ተገልብጦ ሲዋኝ በመቃብር ግድግዳ ላይ ቀርጸውታል። ሳይንስ ከመሰየሙ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ከዚያም ይበልጥ ትንንሾቹ የምዕራብ ወንዞቻችን ኪሎግላኒሶች ናቸው። አፋቸው ወደ ታች የዞረ፣ ዙሪያውን ከንፈሩ ሰፍቶ መምጠጫ የሆነ ነው፤ ውሃው በሚናወጥበት ድንጋይ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። አምፊሊየስ ላምፔይ ደግሞ የዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ዓሣ ነው፤ በሌላ አገር አይገኝም። እነዚህን በቤት ለማኖር መሞከር አልመክርም። በኃይል የሚፈስ፣ ኦክስጅን ሞልቶ የተረፈው ውሃ የለመደ ዓሣ አየር መዋጥ አያውቅበትም፤ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው። በሌላ በኩል ከዝዋይ ወይም ከሐዋሳ በውሃ ጠርሙስ የሚመጣ የአምባዛ ጫጩት በጣም ይጠነክራል፤ ችግሩ የሚገጥመው ከወራት በኋላ ነው። በሳጥኑ ውስጥ አፉ የሚችለውን ሁሉ ይበላል፤ ከዚያ ሳጥኑ ራሱ ይጠበዋል። የአምባዛ ቦታ ኩሬ ነው። ሰበታ የሚገኘው የዓሣና የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ከቆሮሶ ጋር በኩሬ ሲያጠናው የኖረውም ለዚህ ነው።

ወደ ከተማው እንመለስ፣ ወደ መደብሩ። ገዢው ወርቅ ዓሣውን መርጦ ሂሳብ ሊከፍል ሲል ሻጩ ልጅ ትንሿን ላስቲክ ያነሳል፦ «ጋሼ፣ ይቺንም ይጨምሩባት። ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ቆሻሻውን ጥርግ አርጋ ትበላልዎታለች።» ልጁ እያታለለ አይደለም፤ እሱም ሲባል የሰማውን ነው። ነገር ግን ኮሪዶራስ ኩስ አይበላም። መስታወት ላይ የሚያድገውን አረንጓዴ ዋቅላሚም አይልስም፤ አፉ ለዚያ አልተሠራም። የሚበላው ትል፣ ነፍሳትና ከሌሎች ተርፎ የወረደ ምግብ ነው። ወርቅ ዓሣ ደግሞ የሚያስተርፍ ፍጥረት አይደለም። «ጽዳት ሠራተኛ» ተብሎ የተገዛ ኮሪዶራስ በአብዛኛው ቀስ ብሎ በረሃብ ይሞታል። ምልክቱን ለማየት መስታወቱ ላይ ሲጣበቅ ከሆዱ በኩል ማየት ነው። ጤነኛው ሆዱ ሞላ ያለ ነው፣ የተራበው ከጥሩሩ ወደ ውስጥ የሰረጎደ።

ለእሱ የሚሆነው ምግብ የሚሰምጥ እንክብል ነው፤ ማታ መብራት ከተዘጋ በኋላ ቢጣልለት ሌሎቹ አይቀድሙትም። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን የምድር ትል ታጥቦ፣ በምላጭ ደቅቆ ቢሰጠው ደስታው ሌላ ነው፤ ትሉ ፍሊትም ማዳበሪያም ካልነካው አፈር የወጣ ይሁን። ብቻውን አይቀመጥም። ስድስት ቢሆኑ ይመረጣል፤ አንድ ብቻውን የሆነ ጥግ ይዞ ይደበቃል፣ ስድስቱ ግን አሸዋውን ጎን ለጎን እየማሱ ይውላሉ።

ከወርቅ ዓሣ ጋር ማኖር የሚያጓጓው ሁለቱም ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ስለሚወዱ ነው። ወርቅ ዓሣው ትንሽ እስከሆነ ድረስ ችግር የለም። ካደገ በኋላ ግን አፉ የገባለትን ሁሉ ይሞክራል። ኮሪዶራሱ ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ እሾሁን ይገትራል፤ መግባትም መውጣትም ይቀራል። እንዲህ ሆነው ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። በዚያ ላይ ለወርቅ ዓሣ በሽታ የሚታዘዘው የጨው ውሃ ለኮሪዶራስ ይከብደዋል። ትንንሽ፣ ሰላማዊ፣ መሀል ላይ የሚዋኙ ዓሦች የተሻሉ ጎረቤቶች ናቸው።

ውሃውን በተመለከተ የከተማችን ኑሮ ራሱ ግማሹን አስተምሮናል። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ነው። የጉድጓዱ ውሃ ማዕድኑ ይበዛል፤ የግድቡ ለስለስ ያለ ነው። ሁለቱም በክሎሪን ይታከማሉ፤ ክሎሪን ደግሞ ጀርም እንደሚገድል ሁሉ የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ውሃ በተራ የሚመጣበት ሰፈር ሰው ሮቶና ጀሪካን ሞልቶ ማቆየት ልማዱ ነው። ለዓሣ የሚሆነውንም በሰፊ ባልዲ ቀድቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ቢቻል በአየር ፓምፕ እያንቧቡ አንድ ቀን ማሳደር ክሎሪኑን ያበርረዋል። ከዚያ በየሳምንቱ ሩቡን ብቻ መለወጥ። ውሃውን በሙሉ ደፍቶ ሳጥኑን በሳሙና ማጠብ የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ከበሽታ ይልቅ ዓሣ የሚፈጀው ይህ ልማድ ይመስለኛል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከዓሣው ስንጥብና ከቆሻሻው አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። በፊልተሩ ስፖንጅና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እሱም መርዝ ነው፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚቀንሰው ናይትሬት ያደርሱታል። ናይትሬቱን የምናወጣው ውሃ በመለወጥ ነው። አዲስ ሳጥን እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉትም፤ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ኮሪዶራስ ደግሞ አየር ከላይ ቢያገኝም ከአሞኒያ አያመልጥም፤ ሰውነቱ ያለው ውሃው ውስጥ ነው። ከወዳጅ ቤት ከሚሠራ ሳጥን ቆሻሻ የያዘ ስፖንጅ ቆርሶ አዲሱ ፊልተር ውስጥ መክተት ግን ጊዜውን ያሳጥረዋል፤ ከጎረቤት እርሾ ተውሶ ሊጥ እንደማቡካት ነው። ስፖንጁ ሲደፈን በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፤ ከሳጥኑ በወጣው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ይደረጋል።

መብራት ሲሄድም የሚያሳስቡት መጀመሪያ እነዚህ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ዝግ ፊልተር ውስጥ ውሃው ሲቆም በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራሉ፤ መብራት ሲመጣ ፊልተሩ ያ የሞተውን ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ይተፋዋል። ስለዚህ ከረጅም መቋረጥ በኋላ ፊልተሩን ነቅሎ፣ በሳጥን ውሃ አለቅልቆ መመለስ ይሻላል። ኮሪዶራሱ ራሱ በዚያ ጊዜ ሽቅብ መመላለሱን ያበዛል፤ ይችልበታል። የማይችሉት አብረውት ያሉት ናቸው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ የሚገዛው ለእነሱ ነው።

አሸዋው ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኮሪዶራስ አሸዋ በአፉ ያፍሳል፣ የሚበላውን ለይቶ አሸዋውን በስንጥቡ በኩል ይለቃል። ቀረብ ብሎ ላየው ከጉንጩ ግራና ቀኝ የአሸዋ ጭስ ሲወጣ ይታያል። ጠጠር ከሆነበት ይህን ማድረግ አይችልም፤ በጠጠሩ መካከል የበሰበሰው ምግብ ደግሞ ጢሙን ያቆስለዋል፣ ጢሙም እያጠረ ይሄዳል። ካዛንቺስ ግንባታ የማይጠፋባት ሰፈር ስለሆነች አሸዋ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም፤ ግን የግንባታ አሸዋ እንዲሁ አይገባም። መጀመሪያ በወንፊት ይነፋል፣ ሻካራው ይጣላል። ሲሚንቶ ወይም ኖራ የነካው እንዳይሆን ከደረቀው ላይ አንድ ማንኪያ ሰሃን ላይ አድርጎ አቼቶ ጠብ ማድረግ ነው። ከቸፈቸፈ ኖራ አለበት፤ ውሃውን ያከብደዋል፣ ይተው። ካልቸፈቸፈ ውሃው ጥርት እስኪል ይታጠባል። በጣት ሲያሹት የሚቧጥጠው አሸዋም ይቅር፤ ጣት የቧጠጠ ጢም ይቧጥጣል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ወራት ሲያልፉ እንስቶቹ ሆዳቸው ይሰፋል። በተፈጥሮ እንቁላል የሚጥሉት ዝናብ መጥቶ ወንዙ ሲሞላና ሲቀዘቅዝ ነው፤ አምባዛም እንደዚሁ ነው፣ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥቶ ውሃ ወደ ተኛበት ሣር ይሄዳል። በሳጥን ውስጥ ዝናቡን የምንመስለው ውሃ ስንለውጥ ሦስት አራት ዲግሪ የቀዘቀዘ ውሃ በመጨመር ነው። በማግሥቱ ወንዶቹ እንስቷን መከተል ይጀምራሉ። ከዚያ የሚሆነው ነገር ለረጅም ጊዜ ሰውን ግራ ያጋባ ነበር። ወንዱ በጎኑ ይቆማል፣ እንስቷ አፏን ከሆዱ ሥር ታስጠጋለች፣ ሁለቱ አንድ ላይ የ«ቲ» ፊደል ቅርጽ ይሠራሉ። በ1995 የጃፓን ተመራማሪዎች ኤኒየስ በሚባለው ኮሪዶራስ ላይ ባደረጉት ጥናት እንስቷ የወንዱን ዘር እንደምትጠጣ አሳዩ። ዘሩ በአንጀቷ በፍጥነት አልፎ ከኋላ ይወጣል፣ እዚያ በታችኛው ክንፎቿ መሀል ቋጥራ የያዘቻቸውን እንቁላሎች ያገኛቸዋል። አየር ያሳለፈው አንጀት እንግዲህ ዘርንም አሳላፊ ነው።

እንስቷ እንቁላሎቹን ሁለት ሦስት እያደረገች መስታወቱ ላይ ወይም ቅጠል ላይ ትለጥፋለች። መጠናቸው ከጤፍ ፍሬ ይበልጣል፣ ያጣብቃሉ። ወላጆቹ ያገኙትን ይበሏቸዋል። ስለዚህ በጣት ተንከባለው ተለቅመው፣ ከዚያው ሳጥን በተቀዳ ውሃ በተለየ ሳህን፣ ቀስ ያለ አረፋ እየተነፋባቸው ይቀመጣሉ። ነጭ ሆነው ጸጉር ያበቀሉት ሻጋታ የያዛቸው ናቸው፣ ወዲያው ይወገዱ፤ ሌላውን ይበክላሉ። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈለፈላሉ፤ ክፍሉ ከቀዘቀዘ ይዘገያሉ። ጫጩቶቹ ሁለት ቀን ያህል አስኳላቸውን ይጨርሳሉ፣ ከዚያ እንደ ዱቄት የላመ ምግብ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። የተረፈውን መምጠጥና ውሃውን በየቀኑ በጥቂቱ መለወጥ አይቀርም። አብዛኛው የሚያልቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከመቶ እንቁላል ሃያ ለአካለ መጠን ቢደርስ መጥፎ አይደለም።

ሃያውም ለአንድ ሳሎን ይበዛሉ። ለጎረቤት ወይም ለመደብሩ መስጠት ነው። ወደ ቀበና ወይም ወደ ባንትይቀጡ ወንዝ አይለቀቁም። ሁለቱ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ አቃቂም በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። ብርድ የሚችል፣ የተበከለ ውሃ ላይ አየር ውጦ የሚያመልጥ የባዕድ አገር ዓሣ እዚያ መድረስ የለበትም። ለመደብሩ ሲሰጡ ግን ለሻጩ ልጅ አንድ ነገር መንገር አይከፋም፤ ስድስት ስድስት አድርጎ፣ ከሚሰምጥ ምግብ ጋር ይሽጣቸው።